ትኩሳት ላለው ሁሉ መድኃኒት ወይስ መጀመሪያ ምርመራ? የውሳኔ ሞዴል አሠራር ከወረቀት እስከ ኤክሴል

«ይሄ አገልግሎት ያዋጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጤና ቢሮ ስብሰባ ላይም፣ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ላይም፣ የፕሮጀክት ዕቅድ ላይም ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በሁለት መንገድ ነው። ወይ በግምት፣ ወይ ደግሞ ከሠራው ሰው በቀር ማንም በማይገባው ግዙፍ ኤክሴል። እዚህ የምንሠራው ከሁለቱም የተለየ ነው። አንድ ገጽ ላይ ይሳላል፣ በካልኩሌተር ይሰላል፣ ኤክሴል የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

የውሳኔ ሞዴል ስሙ ከበደ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ አለ። በእያንዳንዱ ምርጫ በሽተኞቹ ምን ይገጥማቸዋል? በምን ያህል ዕድል? ስንት ያስወጣል? መጨረሻ ላይ ስንቱ ይተርፋል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በሥርዓት መመለስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ምሳሌያችን ወባ ነው። ጤና ኬላ ላይ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሁለት ምርጫ አላት እንበል። አንደኛው፣ ትኩሳት ካለ ወባ ነው ብሎ ለሁሉም ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት መስጠት። ሁለተኛው፣ መጀመሪያ በፈጣን መመርመሪያ ኪት (አርዲቲ በምንለው) መርምሮ ፖዘቲቭ ለሆነው ብቻ መስጠት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ወባ የተጠረጠረ ሰው ሁሉ፣ ሕፃንም ይሁን አዋቂ፣ ከመታከሙ በፊት ይመርመር ብሏል። ከዚያ በፊት ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ሳይመረምሩ ማከም የተለመደ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የፈጠራ አይደለም። አገሮች በእውነት የተከራከሩበት ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ኮምፒውተር አትንኩ። ወረቀት ላይ ይህን ጻፉ፦ «ትኩሳት ይዟቸው ወደ ጤና ኬላ ለሚመጡ 1,000 ሰዎች፣ ለሁሉም የወባ መድኃኒት ከመስጠት ጋር ሲነጻጸር፣ በአርዲቲ መርምሮ ማከም መንግሥትን ስንት ተጨማሪ ያስወጣል፣ ስንት ሞት ይቀንሳል?»

እዚህ ውስጥ አምስት ነገር አለ። እነማን፣ የት፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ወጪው በማን ዓይን፣ ውጤቱ በምን ይለካ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ብዙ ሰው ይዘልላቸዋል።

«ከምን ጋር» የሚለው መልስ መሆን ያለበት ዛሬ መሬት ላይ ከሚሠራው ጋር ነው። ማንም የማይሠራበትን ደካማ አማራጭ ጎን ለጎን አስቀምጦ የራስን ፕሮጀክት ማሳመር ይቻላል፤ እሱ ግን ግምገማ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው።

«በማን ዓይን» ደግሞ የሚቆጠረውን ወጪ ይለውጣል። በመንግሥት ዓይን ካየነው ኪቱ፣ መድኃኒቱና የባለሙያዋ ጊዜ ይቆጠራል። በኅብረተሰቡ ዓይን ካየነው ግን የታመመው ሰው ያጣው የሥራ ቀን፣ የአስታማሚው ጊዜ፣ የመንገዱ ወጪም ይገባል። ምርመራውና መድኃኒቱ ጤና ኬላ ላይ በነፃ ስለሆነ ለቤተሰቡም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የአጨዳውም ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል። በዚያ ሳምንት የተኛ ገበሬና በሚያዝያ የተኛ ገበሬ ኪሳራቸው እኩል አይደለም። ለዛሬው ምሳሌ ግን በመንግሥት ዓይን እንያዘው፣ ስሌቱ እንዲያጥር።

ደረጃ 2፦ ዛፉን በእርሳስ ሳሉ

በግራ በኩል አንድ አራት ማዕዘን። ይህ ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ነው። ከሱ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል፦ «ለሁሉም ስጥ» እና «መርምር»።

ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ በኋላ ክብ ሳሉ። ክብ ማለት እኛ የማንወስነው፣ ዕድል የሚወስነው ነገር ነው። መጀመሪያ፦ ወባ አለበት ወይስ የለበትም? በ«መርምር» በኩል ሌላ ክብ ይጨመራል፦ ኪቱ በትክክል ተናገረ ወይስ ተሳሳተ? ወባ ከሌለበት ደግሞ፦ ትኩሳቱ ቀላል ነው ወይስ እንደ ሳንባ ምች ያለ አንቲባዮቲክ የሚፈልግ ከባድ በሽታ? በመጨረሻም፦ ተረፈ ወይስ ሞተ? የዛፉ ጫፍ ላይ ሦስት ማዕዘን ይሳላል፤ እዚያ ጎን ወጪውና ውጤቱ ይጻፋል።

የሳንባ ምቹን ቅርንጫፍ ያስገባሁት ለማስዋብ አይደለም። ለሁሉም የወባ መድኃኒት የመስጠት ትልቁ ጉዳት የባከነው ኪኒን ብቻ አይደለም፣ ወባ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ የተላከው የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን ጭምር ነው። ይህን ቅርንጫፍ ካልሳላችሁት ሞዴሉ የምርመራን ግማሽ ጥቅም አያይም። በተቃራኒው መቶ ቅርንጫፍ መሳልም አያስፈልግም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ቅርንጫፉ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ልዩነት ያመጣል? ካመጣ ይግባ። ካላመጣ ይቅር።

ዛፉን የሳላችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ በሙያው ላይ ላለ ሰው አሳዩት፣ ቢቻል ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ለሚሠራ። «እናንተ ጋ በእውነት እንዲህ ነው የሚሆነው?» በሉ። ከዚህ የተሻለ ፍተሻ የለም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሮቹን ሰብስቡ

ኤክሴል አሁን ክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ የቁጥሮች ገጽ ይሁን፣ ሌላ ምንም አይግባበት። አምስት አምድ ይበቃል፦ የቁጥሩ ስም፣ ዋናው ግምት፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛው፣ ከየት እንደመጣ። ፎርሙላ ውስጥ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ሁሉም ከዚህ ገጽ ይጠራ።

ምንጮቹ እንደ ቁጥሩ ይለያያሉ። የኪቱ አቅም ከምርመራ ጥናቶች ይገኛል። የመድኃኒትና የኪት ዋጋ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የዋጋ ዝርዝር ይወሰዳል። የወባ ስርጭት የጤና ተቋማት መረጃ በሚሰበሰብበት ሥርዓት (ዲኤችአይኤስ2) ሪፖርትና በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጥናቶች ይታያል። የሞት ዕድል ግን ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰውን ሳያክሙ ማጥናት አይቻልምና ብዙ ጊዜ የባለሙያ ግምት ይገባበታል። የባለሙያ ግምት ከሆነ «የባለሙያ ግምት» ብላችሁ ጻፉት። አያሳፍርም።

ዋጋ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት በብር የተሰበሰበ ወጪ እንዳለ አትጠቀሙበት። ያኔ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ኪትና መድኃኒት ከውጭ ስለሚገቡ ከዶላሩ ጋር ይሄዳሉ፤ የሠራተኛ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አይሄድም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ የዋጋ ንረት ቁጥር ማባዛት ያሳስታል። ከውጭ የሚገባውንና እዚህ የሚከፈለውን ለይታችሁ አስተካክሉ።

ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማሳያ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ስሌቱን ለመከተል እንጂ ለሪፖርት አይሆኑም።

- ትኩሳት ካላቸው ወባ ያለባቸው፦ 20%
- ኪቱ ወባ ያለበትን የማግኘት አቅም፦ 95%
- ኪቱ ወባ የሌለበትን «የለበትም» የማለት አቅም፦ 95%
- ወባ ከሌለባቸው ውስጥ ከባድ የባክቴሪያ በሽታ ያለባቸው፦ 5%
- የሞት ዕድል፦ የታከመ ወባ 0.2%፣ ያልታከመ ወባ 2%፣ አንቲባዮቲክ ያገኘ 1%፣ ያላገኘ 4%
- ዋጋ፦ ኪት 60 ብር፣ የወባ መድኃኒት 150 ብር፣ አንቲባዮቲክ 100 ብር (የባለሙያዋን ጊዜ ስሌቱ እንዲያጥር ትተነዋል)

ደረጃ 4፦ 1,000 ሰው በዛፉ ውስጥ አሳልፉ

በዕድል ማባዛት ግራ ካጋባችሁ ሰው ቁጠሩ። ሁልጊዜ ይሠራል።

«ለሁሉም ስጥ»፦ ከ1,000 ሰው 200ው ወባ አለባቸው፣ 800ው የለባቸውም። ሁሉም መድኃኒት ይወስዳሉ። ወጪው 1,000 ሲባዛ በ150፣ ማለትም 150,000 ብር። ወባ ካለባቸው 200 ሰዎች የሚሞተው 0.4 ነው። ከ800ው 40ው ከባድ የባክቴሪያ በሽታ ነበረባቸው፣ አንቲባዮቲክ አላገኙም፤ 40 ሲባዛ በ4% 1.6 ሞት ይሆናል። በድምሩ 2 ሞት። (0.4 ሰው አይሞትም፣ ልክ ናችሁ። ይህ አማካይ ነው፤ 10,000 ሰው ብታሳልፉ 4 ይሆናል።)

«መርምር»፦ ኪቱ ለሁሉም ሲሆን 60,000 ብር። ወባ ካለባቸው 200 ውስጥ 190ው ይገኛሉ፣ 10ሩ ያመልጣሉ። ከ800ው ደግሞ 40ው በስህተት ፖዘቲቭ ይባላሉ፣ 760ው ነፃ ይባላሉ። የወባ መድኃኒት የሚወስዱት 230 ሰዎች ስለሆኑ 34,500 ብር። ከባድ የባክቴሪያ በሽታ ካለባቸው 40 ሰዎች 38ቱ ኔጋቲቭ ስለሚሆኑ ባለሙያዋ ሌላ ምክንያት ትፈልጋለች፣ አንቲባዮቲክ ያገኛሉ፤ 3,800 ብር። ድምር 98,300 ብር። ሞቱስ? ታክመው የሚሞቱ 0.38፣ ኪቱ ካመለጣቸው 0.2፣ አንቲባዮቲክ ካገኙት 0.38፣ በስህተት ፖዘቲቭ ተብለው ካመለጡት ሁለት ሰዎች 0.08። ድምር 1.04።

እንግዲህ ምርመራው 51,700 ብር ይቆጥባል፣ ሞትንም ወደ ግማሽ ይቀንሳል። በሁለቱም በኩል አሸነፈ። እንዲህ ሲሆን ሌላ ስሌት አያስፈልግም፤ የተሸነፈው ምርጫ ይወጣል።

ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር እዚህ የሚያልቅ ከሆነ ሞዴል መሥራትም አያስፈልግም ነበር። ሥራው ገና አሁን ነው የሚጀምረው።

ደረጃ 5፦ ውሳኔውን የሚገለብጠውን ቁጥር ፈልጉ

አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት፣ ውጤቱን እዩ። ሦስት ሙከራ አብረን እናድርግ።

*ስርጭቱ።* 20% የነበረውን 70% አድርጉት። «ለሁሉም ስጥ» አሁንም 150,000 ብርና 2 ሞት ነው። (የታከመ ወባ ሞትና ያመለጠው የባክቴሪያ በሽታ ሞት በእነዚህ ቁጥሮች ሲሰሉ እኩል ስለሚመጡ ነው ሞቱ ያልተነቃነቀው፤ አጋጣሚ ነው።) «መርምር» ግን 163,425 ብርና 2.2 ሞት ሆነ። ተገለበጠ! አብዛኛው ሰው ወባ ካለበት ኪቱ ብዙም የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ የሚያመልጠው ሰው ቁጥር ግን ይበዛል። መገልበጫው የት ነው? በኤክሴል ስርጭቱን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። ወጪው እኩል የሚሆነው 60% አካባቢ ነው፣ ሞቱ ደግሞ 61% አካባቢ።

ይህ አንድ ቁጥር ከጠቅላላው ሪፖርት በላይ ጠቃሚ ነው። «ምርመራ ያዋጣል» ከማለት «ትኩሳት ካላቸው ከ60% በታች የሚሆኑት ወባ ባለባቸው ቦታ ሁሉ ምርመራ ያዋጣል» ማለት ይሻላል። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ጋምቤላ ያለውም፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ያለ ወረዳ ላይ የሚሠራውም የራሱን ቁጥር አስገብቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

*የኪቱ አቅም።* በኤርትራና በኢትዮጵያ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት አንዳንድ ተውሳኮች፣ አብዛኞቹ ኪቶች የሚፈልጉትን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል አጥተው ተገኝተዋል። ኤርትራ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ኪቷን ቀይራለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከ5% ካለፈ ኪት ይቀየር ይላል። እንግዲህ 95% የነበረውን 80% አድርጉት። ሞቱ ከ1.04 ወደ 1.58 ይወጣል። ወጪውስ? ወደ 93,800 ብር ይወርዳል! የባሰው ኪት ርካሽ ሆኖ ታየ፣ ምክንያቱም በተጨማሪ ያመለጡት 30 ሰዎች መድኃኒት አልወሰዱም። ወጪውን ብቻ የሚያይ ሰው በዚህ ይደሰታል። ለዚህ ነው ወጪና ውጤት ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚቀመጡት።

*የባለሙያዋ ውሳኔ።* እስካሁን ዛፋችን ኪቱ ኔጋቲቭ ካለ ባለሙያዋ የወባ መድኃኒት አትሰጥም ብሎ ያስባል። በእውነትስ? በታንዛኒያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ኔጋቲቭ ከሆኑት በሽተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወባ መድኃኒት ታዞላቸው ነበር። የሚገርም አይደለም። እናትየው ሁለት ሰዓት ተጉዛ መጥታለች፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ኪቱ ላይ ያለችው አንዲት ቀይ መስመር «ወባ የለም» ትላለች። ባዶ እጅ መመለስ ይከብዳል።

ይህን ቅርንጫፍ እንጨምር። ኔጋቲቭ ከሆኑት ግማሹ የወባ መድኃኒት ይሰጣቸው፣ አንቲባዮቲክም አያግኙ። 385 ተጨማሪ መድኃኒት 57,750 ብር ነው። የአንቲባዮቲኩ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ድምር 154,150 ብር፣ 1.52 ሞት። ቁጠባው ሁሉ ጠፋ፤ ምርመራው እንዲያውም በ4,150 ብር ውድ ሆነ። ኪቱ ያው ኪት ነው፣ ዋጋውም ያው ነው። የተለወጠው ሰው የሚያደርገው ነገር ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ የጤና ሞዴሎች ላይ ከሁሉ የሚረሳው ቅርንጫፍ ይህ ነው ባይ ነኝ። ሞዴል የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ቢሮ ነው ያለው፣ መረጃውም ከታተሙ ጥናቶች ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ መመሪያው እንደተጻፈው የሚሠራ ይመስለዋል። ዛፉን ለጤና ባለሙያ አሳዩ ያልኩት ለዚህ ነው። ደግሞም ውጤቱ ተግባራዊ ነው፦ ገንዘቡን ሌላ ኪት ከመግዛት ይልቅ ለሥልጠናና ለክትትል ማዋል የበለጠ ሊያዋጣ እንደሚችል ሞዴሉ ራሱ ነገረን።

ደረጃ 6፦ ውድም የተሻለም ሲሆን

አሁን ያገኘነው ሁኔታ በብዛት የሚያጋጥመው ዓይነት ነው። አዲሱ አሠራር ይሻላል፣ ግን ያስወጣል። ተጨማሪውን ወጪ ለተጨማሪው ጥቅም አካፍሉ። 4,150 ብር ሲካፈል ለ0.48 የዳነ ሕይወት፣ ለአንድ ሞት መከላከያ ወደ 8,650 ብር ይመጣል።

ሞትን ብቻ መቁጠር ከሌላ ፕሮግራም ጋር ለማወዳደር አይመችም፤ የሕፃን ሞትና የ80 ዓመት አዛውንት ሞት በሕይወት ዓመት ይለያያሉና። ስለዚህ ወደ ዓመት ቀይሩት። ከሞት የተረፈ ሰው በአማካይ 60 ዓመት ይኖራል ብንል፣ ወደፊት የሚገኘው ዓመት ከዛሬው ያነሰ ክብደት ስለሚሰጠው በተለመደው የ3% ቅናሽ ወደ 28 ዓመት ይወርዳል። 0.48 ሲባዛ በ28 ወደ 13.4 የሕይወት ዓመት። 4,150 ለዚህ ሲካፈል ለአንድ የሕይወት ዓመት ወደ 310 ብር። ቅናሹ አነጋጋሪ ነገር ነው፤ ክትባትን የመሰሉ ጥቅማቸው ዘግይቶ የሚመጣ አገልግሎቶችን ይጎዳል። ያለ ቅናሽም አስልታችሁ ሁለቱንም አሳዩ።

በሽታው ሰውን ሳይገድል ለረጅም ጊዜ የሚያሰቃይ ከሆነ የሕይወት ዓመትም አይበቃም። ያኔ የጤናውን ጥራት የሚጨምር መለኪያ ያስፈልጋል፤ በበሽታና በሞት የጠፋውን ዓመት የሚቆጥረው ዳሊ፣ ወይም በጥሩ ጤና የተገኘውን የሚቆጥረው ኳሊ። ለስኳር፣ ለአእምሮ ሕመም፣ ለካንሰር ያለ እነሱ መሥራት አይሆንም። ለጥቂት ቀን ትኩሳት ግን ውጤቱን ብዙ አይለውጡትም።

310 ብር ርካሽ ነው ወይስ ውድ? ከምን አንጻር? እንግሊዝ ለረጅም ዓመታት ለአንድ ኳሊ ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ የሚል መስመር ነበራት። ታይላንድ 160,000 ባህት ብላለች። በድሃ አገሮች ደግሞ ከነፍስ ወከፍ ገቢ ከአንድ እስከ ሦስት እጥፍ የሚለው ልማድ ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። በዚህኛው አትመኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ራሳቸው ኋላ ላይ እንደ ብቸኛ መወሰኛ እንዳይወሰድ አስጠንቅቀዋል። ምክንያቱም በዚያ መስመር ሁሉም ነገር ማለት ይቻላል «ያዋጣል» ይባላል፣ በጀቱ ግን ሁሉንም አይችልም። ትክክለኛው ጥያቄ ይህን ገንዘብ ለዚህ ብናውለው ከምን ላይ ይነሳል፣ የሚነሳበት አገልግሎት ስንት ሕይወት ያድን ነበር የሚለው ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 አስፈላጊ የጤና አገልግሎቶች ፓኬጇን ስትከልስ ወጪና ጥቅምን ብቻ አልተመለከተችም። የበሽታው ጫና፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከኪሳራ መጠበቅ፣ የበጀት ጫና፣ የሕዝብና የፖለቲካ ተቀባይነት አብረው ታይተዋል። ስለዚህ የእናንተ ቁጥር ከሚመዘኑት አንዱ እንጂ ዳኛው አይደለም።

ደረጃ 7፦ ዛፍ የማይበቃበት ጊዜ

ዛፍ ጥሩ የሚሆነው ነገሩ ቶሎ ሲያልቅ ነው። ሰው ታመመ፣ ታከመ፣ ዳነ ወይም ሞተ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ግን እንደዚያ አይደለም። በኢትዮጵያ ከፋልሲፓረም ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። ኮአርተም ደም ውስጥ ያለውን እንጂ ጉበት ውስጥ ያለውን አይነካም፤ ለዚያ ፕሪማኩዊን ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ለሚያንሳቸው ሰዎች አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ በዛፍ ልሳል ብትሉ ቅርንጫፉ ማለቂያ የለውም።

እዚህ ላይ ማርኮቭ የሚባለው ሞዴል ይመጣል። ሰዎቹን በሁኔታ ትከፍላላችሁ፦ «ደህና ነው ግን ጉበቱ ውስጥ አለ»፣ «ታሟል»፣ «ሙሉ በሙሉ ነፃ ወጥቷል»፣ «ሞቷል»። በኤክሴል እያንዳንዱ ሁኔታ አንድ አምድ፣ እያንዳንዱ ወር አንድ ረድፍ። በየወሩ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚሻገረውን ሰው በዕድሉ ታባዛላችሁ። የየረድፉ ድምር ሁልጊዜ 1,000 መሆን አለበት። 999.7 ከሆነ የሆነ ቦታ ሰው ጠፍቷል፤ ፈልጉት።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ የዓመትን ዕድል ለ12 ማካፈል ነው። በዓመት ውስጥ 60% ይመለስባቸዋል እንበል። ለ12 ብታካፍሉት በወር 5% ይሆናል። ግን በወር 5% ለ12 ወር ብታስኬዱት በዓመቱ መጨረሻ 46% ብቻ ነው የሚደርሰው። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ዕድሉን ወደ ፍጥነት መቀየር ነው፦ ከ1 ላይ 0.6 ቀንሱ፣ የቀረውን 0.4 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ውሰዱ፣ ምልክቱን ገልብጡ፣ 0.916 ይመጣል። ለ12 አካፍሉ፣ 0.0764። ከዚያ ወደ ዕድል መልሱት (በኤክሴል =1-EXP(-0.0764))፣ በወር 7.35% ገደማ ይሆናል። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ግን ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ ታዛባለች።

ሁለተኛው ነገር፣ ማርኮቭ የኋላውን አያስታውስም። ሦስት ጊዜ የተመለሰበትንና አንድም ጊዜ ያልተመለሰበትን ሰው አንድ ሁኔታ ውስጥ ካስቀመጣችኋቸው እኩል ነው የሚያያቸው። ልዩነቱ ለውሳኔው ከገባ ሁኔታውን ለሁለት ክፈሉት። በተጨማሪም ሰው ሁሉ ወሩ ሲያልቅ አይደለም የሚታመመው፤ የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ አማካይ ውሰዱ።

ደረጃ 8፦ ሁሉንም ቁጥር አንድ ላይ አናውጡ

ደረጃ 5 ላይ አንድ አንድ ቁጥር ነበር የቀየርነው። በእውነት ግን ሁሉም ቁጥር አብሮ እርግጠኛ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ዋጋ ሳይሆን ክልል ስጡት። ለዕድሎች ቤታ፣ ለወጪዎች ጋማ፣ ለንጽጽር ምጣኔዎች ሎግኖርማል የሚባሉት የስታቲስቲክስ ስርጭቶች ይስማማሉ። ለምሳሌ በአንድ ጥናት ወባ ካለባቸው 200 ሰዎች ኪቱ 190ውን ካገኘ ቤታ ውስጥ 190 እና 10 ታስገባላችሁ፤ ጥናቱ ትንሽ ከሆነ ክልሉ ራሱ ይሰፋል። ኤክሴል በየዙሩ አዲስ ቁጥር እንዲያወጣ አድርጋችሁ 1,000 ጊዜ አስኬዱት፣ ከዚያ ከ1,000 ዙር በስንቱ ምርመራው እንዳሸነፈ ቁጠሩ። ዙሩ ከበዛ ወይም ማርኮቩ ከረዘመ ኤክሴል ያቃስታል፤ ነፃ የሆነው አር የሚባለው ፕሮግራም ያን ጊዜ ይሻላል።

ይህ ስሌት ግን የተሳሳተ ዛፍን አያድንም። የባለሙያዋን ቅርንጫፍ ከረሳችሁት 1,000 ዙርም 1,000,000 ዙርም አያስታውሳችሁም።

ደረጃ 9፦ ሞዴሉን ለመስበር ሞክሩ፣ ከዚያ ጻፉ

ለማንም ከመላካችሁ በፊት ጽንፍ የያዙ ቁጥሮች አስገቡ። በእኛ ምሳሌ ኪቱ ሁሉንም ሰው ፖዘቲቭ ይበል፣ ማለትም የማግኘት አቅሙ 100%፣ ነፃውን የመለየት አቅሙ 0%። ያኔ ሁለቱ ምርጫዎች በሞት እኩል 2 መሆን አለባቸው፣ በወጪ ደግሞ ልዩነቱ የኪቱ 60,000 ብር ብቻ። ሌላ ከመጣ ፎርሙላ ተበላሽቷል። የወባ ስርጭቱን ዜሮ አድርጉት፤ በወባ የሚሞት ሰው ካለ አሁንም ስህተት አለ። የሞት ዕድሎቹን ሁሉ ዜሮ አድርጉ፤ ማንም መሞት የለበትም። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው ከሚያገኘው ግን እናንተ ብታገኙት ይሻላል።

ስትጽፉ ቺርስ የሚባለውን የጤና ኢኮኖሚ ግምገማዎች መጻፊያ ዝርዝር ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው 28 ነጥብ አለው፤ ጆርናሎችም ይጠይቁታል። ለወረዳ ወይም ለክልል ኃላፊ የምታቀርቡት ከሆነ ግን 28 ነጥብ አይነበብላችሁም። አንድ ገጽ ስጡ፦ ጥያቄው፣ ውጤቱ፣ ውሳኔው የሚገለበጥበት ቁጥር፣ እና በዓመት ከበጀት የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ። የመጨረሻዋን አትርሱ። ለአንድ የሕይወት ዓመት 310 ብር የሚል ቁጥር ለገንዘብ ያዥ ምንም አይነግረውም። በዓመት 40,000 ትኩሳት ያለበት ሰው የሚያይ ወረዳ ከሆነ ኪቱ ብቻ 2,400,000 ብር ነው፣ የሚፈለገውም ዋናው የወባ ወቅት ከመግባቱ በፊት፣ በነሐሴ፣ መጋዘን ውስጥ ሆኖ ነው።